«ኒካሑ ይታሰር፣ ወረቀቱ ይቅር» ለሚሉን ወላጆች




ይህን የምጽፈው ውጭ አገር፣ በተለይም አሜሪካ ለምትኖሩና ከ21 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆቻችሁን ወደ እናንተ ለመውሰድ ፕሮሰስ ለጀመራችሁ አባቶችና እናቶች ነው። ለልጆቹም ነው። ንግግሬ የሚከብዳችሁ ካላችሁ አስቀድሜ ዐፉ በሉኝ። ነገሩ ግን በሹክሹክታ ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ አልፏል።

መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ መስጂድ የኢማም ረዳት ነኝ። ልጆች አቀራለሁ፣ ኢማማችን በማይኖሩበት ጊዜ አሰግዳለሁ፣ ኒካሕ ሲታሰር መዝገቡን የምይዘውም እኔ ነኝ። መዝገብ የሚይዝ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት ጥያቄ በጣም በዝቷል። ከዐስር ሰላት በኋላ ጫማ ማስቀመጫው ጋ አንድ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ቆሞ ይጠብቀኛል። ስለ ቤተሰቤ ይጠይቃል፣ ዱዓ ያደርግልኛል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኡስታዝ፣ የወንድሜን ልጅ ኒካሕ ልናስር ነበር። ልጅቷ አባቷ ጋ ፕሮሰስ አላት። ስለዚህ በሸሪዓው ይታሰርልንና ወረቀቱ ይቅር፤ መዝገብ ላይም ባትጽፉት» ይለኛል።

አንዳንዱ ከዚህም ያልፋል። ኒካሕ ከታሰረ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ ወረዳ ሄደን «ያላገባች ናት» ብለን እንድንመሰክርለት ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ይህን የሚጠይቀኝ ወሊዩ ሲናገር፣ ሙሽራው ሲቀበል ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሰማሁትን እኔን ነው!

መልሳችን አይሆንም ነው። ለምን አይሆንም እንደምንል ደግሞ በር ላይ ቆሞ በሁለት ቃል አያልቅም፤ ለዚያ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሕጉን እንየው፤ ብዙ ሰው ግማሹን ሰምቶ ነው የሚሮጠው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ «ልጅ» የሚባለው 21 ዓመት ያልሞላውና ያላገባ ነው። የሲቲዝን ልጅ ሆኖ 21 ካልሞላው ወረፋ የለበትም። 21 ከሞላው ግን ነገሩ ይለወጣል። ወላጁ ሲቲዝን ከሆነ፣ ያላገባው ልጅ ኤፍ 1፣ ያገባው ደግሞ ኤፍ 3 በሚባለው ወረፋ ይሰለፋል። ወላጁ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ፣ ያላገባው አዋቂ ልጅ ኤፍ 2 ቢ ውስጥ ይገባል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ወላጅ ያገባ ልጁን የሚያስገባበት ወረፋ ግን ጨርሶ የለም። አባት ሲቲዝን ሳይሆን ልጁ ካገባ ማመልከቻው እዚያው ይሞታል። ልጁ በኋላ ቢፋታም አይነሳም፤ እንደ አዲስ ከዜሮ መጀመር ነው።

ወረፋው ረጅም ነው። ለኤፍ 1 ለመላው ዓለም በዓመት የተመደበው 23,400 ቪዛ ነው፤ ለኤፍ 3ም እንደዚያው። በዚህ የተነሳ የኤፍ 1ና የኤፍ 2 ቢ ሰው ስምንት ዘጠኝ ዓመት ይጠብቃል፤ የኤፍ 3 ደግሞ ከአስር ዓመት በእጅጉ ያልፋል። በ22 ዓመቷ የተጀመረላት ልጅ ኤምባሲ ለኢንተርቪው የምትቀርበው 30 ወይም 31 ዓመት ሲሆናት ነው ማለት ነው። ሕጉ ጨካኝ ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። ወጣትን አሥር ዓመት ሙሉ «አታግባ» ብሎ በር ላይ ማቆም ጭካኔ ነው። ግን ጨካኝ ሕግ ሲገጥመን በልጆቻችን ኒካሕ ላይ ውሸት መጫን መፍትሔ አይሆንም። ውሸቱ በመጨረሻ የሚወድቀው በእነሱ ላይ ነው።

«ኡስታዝ፣ እኛ እኮ ኒካሕ ብቻ ነው ያሰርነው፤ በመንግሥት ዘንድ ጋብቻ አይደለም» የሚል አለ። ይህ ስሕተት ነው፣ በሁለት በኩል።

በሸሪዓ በኩል፣ ወሊይ ካለ፣ ምስክሮች ካሉ፣ ኢጃብና ቀቡል ከተባለ፣ ያ ጋብቻ ነው። ግማሽ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። ወረቀት ስላልተጻፈ መህሯ፣ ነፈቃዋ፣ ዒዳዋና ውርሷ አይቀርም።

በአገራችን ሕግ በኩልም ያው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል ይላል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ኒካሕ ሁለተኛው ነው። ጋብቻው በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም ይመዝገብ ይላል እንጂ ካልተመዘገበ ጋብቻ አይደለም አይልም። አሜሪካኖቹ ደግሞ አንድ ሰው አግብቷል ወይስ አላገባም የሚለውን የሚያዩት ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ ነው። ስለዚህ መገናኛ ላይ በሁለት ምስክር የታሰረ ኒካሕ ኤምባሲው ዘንድም ጋብቻ ነው። «ወረቀት የለኝም» ማለት «አላገባሁም» ማለት አይደለም። «ወረቀቱን እንዳታገኙት ደብቄዋለሁ» ማለት ነው።

ስድስት ኪሎን አልፎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኤምባሲ ስትቀርቡ ቀኝ እጃችሁን አንሥታችሁ ትምላላችሁ። ፎርሙን የሞላው ልጅ አይምልም። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ ፎቁ ሁሉ ፎርም እንሞላለን፣ እንተረጉማለን፣ እናማክራለን የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ከእነዚህ ውስጥ ሥራውን በአማና የሚሠራ አለ። «ያላገባች በያት፣ ማን ያውቃል» የሚልም አለ። ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ፊርማውና መሐላው ግን የልጅቷ ነው።

ማን ያውቃል ነው የሚባለው? እሺ፣ ማን እንደሚያውቅ ልንገራችሁ። ልጅቷ «ያላገባሁ» ብላ ገባች እንበል። ግሪን ካርዷን ይዛ ሁለት ዓመት ሠራች። ቀጥሎ የምታደርገው ምንድን ነው? ባሏን ለመውሰድ ታመለክታለች። ፎርሙ መቼ ተጋባችሁ ይላል። እውነተኛውን ቀን ከጻፈች ስትገባ እንደዋሸች በገዛ እጇ መሰከረች። ሌላ ቀን ከጻፈች ሁለተኛ ዋሸች፤ ባሏም ኢንተርቪው ላይ ሦስተኛውን ውሸት ሊዋሽ ነው። በመካከል ልጅ ከተወለደ ደግሞ የልደት ሰርተፍኬቱ አለ፤ የአባት ስም አለ፤ የተወለደበት ቀን አለ። ውሸቱን የሚያጋልጠው ጠላት አይደለም፣ ጎረቤት አይደለም፣ ባሏን የመውሰድ ፍላጎቷ ራሱ ነው። በአሜሪካ ሕግ በማታለል ቪዛ ያገኘ ሰው ዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል፤ ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው። ሲቲዝን ልሁን ብላ ስታመለክት ፋይሉ እንደገና ይከፈታል፤ ከአገር መባረርም አለ።

በዚህ የተነሳ አንዳንዶች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ባሏን ጨርሳ አትጠራም። ስልክ ይቀንሳል፣ ገንዘብ ይቀንሳል። እዚህ የቀረው ወጣት ባል ይሁን ላጤ ራሱም አያውቅም። የቀረችው ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ወንዱ አባቱ ጋ ሄደ፤ እሷ በድብቅ ኒካሕ የታሰረላት፣ ሰፈሩ ያላገባች የሚላት፣ ሆዷ ሲገፋ ደግሞ ሌላ ነገር የሚላት ሆና ትቀራለች። ፍቺ ብትፈልግ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ትሂድ እንላታለን። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ኒካሑን አስረጂ ይላታል፤ ማስረጃውን የደበቁት የገዛ ቤተሰቦቿ ናቸው። ምስክሮቹም «እኛ ፕሮሰሱን እንዳናበላሽ» ብለው ይሸሻሉ። ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ዲናችን ኒካሕን ይፋ አድርጉ ያለው በከንቱ አይደለም። ወሊማው፣ ዱፉ፣ የጎረቤቱ መጠራት ሁሉ ለዚህ ነው፤ ሴቲቱ የማን ሚስት እንደሆነች፣ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ሰው እንዲያውቅ።

ሌላው የምሰማው ክርክር በጣም ያሳዝነኛል። «የካፊር መንግሥት ነው፤ እነሱን ብንዋሽ ምን አለበት?» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ዲን የተማሩ የሚመስሉ ወጣቶች ናቸው። እስቲ የሑዘይፋ ኢብኑል የማንን ታሪክ አስታውሱ። እሱና አባቱ አብረው ወደ መዲና ሲጓዙ ቁረይሾች ያዟቸው። አባትና ልጅ፣ መንገደኞች። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሆናችሁ አትዋጉንም ብለው ቃል አስገቧቸውና ለቀቋቸው። ጊዜው የበድር ዋዜማ ነው። ሙስሊሞቹ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ሰው እንኳ ወርቅ ነው። ነቢዩ ግን ቃላችሁን ጠብቁ አሏቸው፤ አባትና ልጅ በድር ላይ ሳይካፈሉ ቀሩ። ያ ቃል የተገባው ሊገድሏቸው ለሚፈልጉ ሰዎች ነበር። እናንተ ልጃችሁን የምትልኩት ግን በሰላም ተቀብሎ፣ አስተምሮ፣ አሳክሞ የሚያኖራችሁ አገር ነው። ለበድር ያልተፈቀደ ክህደት ለቨርጂኒያ አፓርታማ ይፈቀዳል?

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ፤ ምክንያቱም ልጆቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጁ ለምን 21 ዓመት አለፈው? ይህን የሚጠይቅ ሰው የለም።

አባት በዲቪ ሄደ። ወይም በጥገኝነት ወረቀቱን አገኘ። ልጁ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነው። አባት «ትንሽ ልደላደል» አለ። ታክሲ ነዳ፣ መኪና ማቆሚያ ሠራ፣ ቤት ገዛ፣ እዚህም ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ ቤት ጀመረ። አልሐምዱሊላህ፣ ሪዝቁን አላህ ይጨምርለት። ነገር ግን ለልጁ ማመልከቻ ሳያስገባ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ፎርሙ አይ-130 ይባላል። በ2024 እ.ኤ.አ. በተደረገው የዋጋ ማሻሻያ በኢንተርኔት ሲሞላ ክፍያው 625 ዶላር ነው። አንድ ወላጅ ለአንድ ኢድ ከሚልከው ብዙም አይርቅም። ሲቲዝን የሆነ ወላጅ ይህን ፎርም ልጁ 21 ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ቢያስገባው፣ የልጁ ዕድሜ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የሚያደርግ ሕግ አለ። በማግስቱ ቢያስገባው ግን ልጁ ዘጠኝ ዓመት ይሰለፋል። የአንድ ቀን ቸልታ ዘጠኝ የወጣትነት ዓመት ትበላለች። ወላጅ ግሪን ካርድ ብቻ ኖሮትም ቢሆን ቶሎ ያስገባ ይጠቀማል፤ ማመልከቻው መልስ ሳያገኝ የቆየበት ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል።

እንግዲህ በገዛ እጁ ያዘገየው አባት ነው ቀጥሎ በዋትስአፕ ደውሎ ልጁን «ፕሮሰሱ እስኪያልቅ እንዳታገቢ» የሚላት። ለልጅቷ ሰው ይመጣል፤ ዲኑ ደህና፣ አኽላቁ ደህና፣ ሥራ ያለው። አባት እምቢ ይላል። እምቢ ያለበት ምክንያት የልጁ ዲን አይደለም፣ ጠባዩም አይደለም፤ ቪዛ ነው። እናት እዚህ ሆና ታለቅሳለች። ልጅቷ 27 ሆነች፣ 29 ሆነች፣ 31 ሆነች። ወሊይነት እኮ አማና ነው፤ ልጅቷ ከሚመጥናት ሰው ጋር እንድትጋባ እንጂ እንዳትጋባ አልተሰጠም። ፉቀሃዎች ወሊይ ያለ በቂ ምክንያት ልጁን ከሚመጥናት ሰው ኒካሕ ሲከለክል «ዐድል» ይሉታል፤ ያን ጊዜ ወሊይነቱ ወደ ቃዲ ሊዛወር እንደሚችል ጽፈዋል። የቪዛ ወረፋ በቂ ምክንያት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በየጉዳዩ የሚወስነው ቃዲው ነው፣ እኔ አይደለሁም። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉን፤ እህቶች ይህ በር እንዳለ እወቁት።

ልጅቷ ራሷ አስባበት «እጠብቃለሁ» ካለች ግን ሌላ ነው፤ መብቷ ነው። ከአባቷ ጋር መኖር፣ እሱን በእርጅናው መኻደም ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዳይንቅባት። እኔ የምቃወመው አባት ወስኖባት እሷ እንደጠበቀች የሚወራውን ነው።

ወንዶቹም አሉ። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል ወጣት ሰፈራችን ሞልቷል። ፕሮሰስ ሙያ ሆነ እንዴ? በወር በወሩ ብር ይላካል፤ ያ ብር ጫትና ካፌ ይሆናል። ትምህርት አይጀምር፣ «ልሄድ ስል ምን አደርገዋለሁ» ይላል። ሱቅ አይከፍት፣ አያገባ፣ ገበሬ አይደል፣ ነጋዴ አይደል። ስምንት ዓመት ሙሉ ሻንጣውን በልቡ ሸክፎ ይቀመጣል። እንዲህ ሆኖ 32 ዓመቱ ላይ አሜሪካ የደረሰ ሰው እዚያስ ምን ይዞ ነው የሚሠራው? አባት ሆይ፣ ለልጅህ የምትልከውን ብር በዚያ ስምንት ዓመት ውስጥ የእጅ ሙያ እንዲማርበት፣ ዲግሪ እንዲይዝበት አድርግ። ቪዛው ቢመጣ ይጠቅመዋል፤ ባይመጣም ሰው ሆኗል።

ስለ ነሰብ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። የወንድምን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ ማስመዝገብ፣ የ24 ዓመቱን ወጣት በልደት ሰርተፍኬት 19 ማድረግ፣ በሞተ ልጅ ስም ሌላ ልጅ መላክ። ይህ በእኛ ላይ ምን እንዳመጣ በታሪክ የታወቀ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ስደተኛ ቤተሰቦችን በሚያገናኙበት ፒ-3 በተባለው ፕሮግራም ላይ የዲኤንኤ ምርመራ ሞከሩ። መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ ጀመሩ፤ የተመረመሩት በአብዛኛው ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አሰፉት። ዝምድናው ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠው ከአምስት ቤተሰብ አንድ በማይሞላው ላይ ነው። የቀሩት ወይ አልተዛመዱም፣ ወይ ለምርመራው አልቀረቡም፣ ወይ እምቢ አሉ። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኛ የቲም ያሳደጉ፣ በእኛ ባህል «ልጄ» ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ዕድል ያላገኙ ሰዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ነገር ግን ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በ2012 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር፣ የወላጅና የልጅ ዲኤንኤ ግዴታ ሆኖ ነው። አራት ዓመት! በእነዚያ አራት ዓመታት በካምፕ የቀሩት የእውነት አባት፣ የእውነት እናት የነበሯቸው ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ በሌላው ስም የሄደው ሰው ለእነዚህ ልጆች ምን ይመልስ ይሆን?

በሸሪዓችን ልጅን ከአባቱ ውጭ በሌላ ሰው ስም መጥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣን ማስታወስ ይበቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳደጉት፣ የሚወዱት፣ ሰዎች ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይሉት የነበረ ነው። የሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ ሲወርድ ግን ወደ አባቱ ወደ ሓሪሣ ስም ተመለሰ። ያ ፍቅር እንኳ ነሰብን አልቀየረም፤ ቪዛ እንዴት ይቀይር?

ደግሞ የሚገርመው ብዙው ውሸት አያስፈልግም ነበር። ለምሳሌ የእንጀራ ልጅ። ሰውየው እናቱን ያገባው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ፣ የአሜሪካ ሕግ የእንጀራ ልጅን ይቀበላል። እውነቱን ጽፎ ማስገባት እየቻለ የልጁን አባት ስም ፍቆ የራሱን ያስገባ ሰው አውቃለሁ። ኤምባሲው ዲኤንኤ ሲጠይቀው ሁሉም ፈረሰ። እውነቱ በር ነበረው፤ እሱ ግን በመስኮት ገባ። ወሳኝ ኩነት መመዝገብ ግዴታ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆቻችን ሰርተፍኬት ሁሉ ዘግይቶ የወጣ ነው። ኤምባሲው በዚህ ምክንያት በጥርጣሬ ያየናል፤ እኛ ደግሞ ጥርጣሬውን ልክ እናደርግለታለን።

አሁን ዋናው። «እሺ ኡስታዝ፣ ልጅቷ ታግባም ትላለህ፣ አትዋሽም ትላለህ፤ ታዲያ አባቷን አታግኝ ነው?» አይደለም። መንገድ አለ፤ መንገዱ ግን በአባት በኩል ነው የሚያልፈው።

አባት ሲቲዝን ከሆነ በኋላ ልጅ ብታገባ ማመልከቻው አይሞትም። ከኤፍ 1 ወደ ኤፍ 3 ይሻገራል፤ ወረፋ የያዘችበት የመጀመሪያው ቀንም አይጠፋባትም። መቆየቱ ይረዝማል፣ እውነት ነው። ግን ኤፍ 3 ላይ ባልና 21 ያልሞላቸው ልጆች አብረው ይሄዳሉ። ሰው አይቀርም፣ ኒካሕ አይደበቅም፣ ልጅ አይካድም። ቅደም ተከተሉን ግን አጥብቃችሁ ያዙት፤ መጀመሪያ አባት ወይም እናት ሲቲዝን ይሁኑ፣ ኒካሑ ከዚያ በኋላ ይታሰር። በግልባጩ ከሆነ ሁሉም ይፈርሳል።

ሲቲዝን ለመሆን ከግሪን ካርድ በኋላ በአብዛኛው አምስት ዓመት ነው። የኤፍ 2 ቢ ወረፋ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ከሆነ፣ አባት መሐል ላይ መድረስ ይችላል። «እንግሊዝኛ አልችልም» የምትሉ እናቶች፣ 55 ዓመት የሞላችሁና 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖራችሁ ከሆነ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ትችላላችሁ። 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት የኖረም እንዲሁ። የስንቱ ልጅ ዕድሜ እዚህ የሚያልቀው እናቱ ይህን የሚነግራት ሰው ስላላገኘች ነው። እዚያ ያላችሁ የመስጂድ ወጣቶች፣ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ የእነዚህን እናቶች ፎርም ብትሞሉላቸው ትልቅ ሰደቃ ነው።

አንድ ሌላ የማየው ጥፋት አለ። ቪዛው ተመትቶ፣ ትኬት ተቆርጦ፣ «ከመሄዷ በፊት ኒካሑን ቶሎ እንሰር» የሚል ሩጫ። አትሰሩ! በኤፍ 1ም ሆነ በኤፍ 2 ቢ ቪዛ የተሰጣት ልጅ አሜሪካ ኤርፖርት ስትደርስም ያላገባች መሆን አለባት። ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ በመጨረሻው ሳምንት ቪዛዋን ማበላሸት ነው። ትሂድ፣ ግሪን ካርዷን ትያዝ፣ ተመልሳ ትምጣና በአደባባይ ወሊማ ተደርጎላት ታግባ። ከዚያ ባሏን በስሙ ትጠራዋለች፤ የግሪን ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛ ወረፋ ከአዋቂ ልጅ ወረፋ በጣም ያጥራል።

ቀድሞ በድብቅ ታስሮ ኢንተርቪው ለሚጠብቁት ደግሞ የምለው ይህ ነው። ኤምባሲ ከመቅረባችሁ በፊት፣ ከመማላችሁ በፊት፣ አሜሪካ ያለው ወላጃችሁ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። ፎርም የሚሞላውን ልጅ አይደለም፣ ጠበቃ። ኒካሑ የታሰረበትን ቀንና ወላጅ ሲቲዝን የሆነበትን ቀን ጎን ለጎን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ነው። ለቪዛ ብላችሁ የወረቀት ፍቺ እንፍታ የምትሉም ተጠንቀቁ። ጦላቅ ቀልዱም ቁም ነገር ነው፤ «ለይምሰል ነው» ያላችሁት ቃል አላህ ዘንድ ይቆጠራል፤ ኤምባሲው ዘንድም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል።

እኛ ዘንድ ኒካሕ ሲታሰር መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ለሙሽሮቹ ወረቀት ይሰጣል፣ ወረዳ ሄደው እንዲያስመዘግቡም ይነገራቸዋል። ኢማማችን ይህን በጀማዓው ፊት ተናግረዋል። ስለዚህ ከዐስር ሰላት በኋላ ጫማ ማስቀመጫው ጋ የምትጠብቁኝ ወንድሞች፣ ለኒካሑ ከሆነ አህለን ወሰህለን፤ ወሊዩንና ምስክሮቹን ይዛችሁ ግቡ፣ እስክሪብቶው እኔ ጋ አለ።

ወሏሁ አዕለም።